ታክሲን የዘነጋ የድንገተኛ ጊዜ ዕቅድ፦ ከሳሪስ አቦ መንገድ የተነሣ ሂስ

እንደሚታወቀው፣ የእናቶችን ሞት መንስኤ ስንመረምር ዘወትር የምንጠቅሰው የ«ሦስቱ መዘግየቶች» አስተሳሰብ ታዴየስና ሜይን በተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1994 ከቀረበ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። የመጀመሪያው መዘግየት በቤት ውስጥ የሚደርስ ነው፤ ሕመሙን ማወቅና ለመሄድ መወሰን። ሦስተኛው በጤና ተቋሙ ውስጥ የሚደርስ ነው፤ በሩ ላይ ደርሶ ተገቢውን ሕክምና ሳያገኙ መቆየት። በእነዚህ በሁለቱ ላይ አገራችን የሠራችው ሥራ የሚናቅ አይደለም። ለመጀመሪያው፣ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት እየዞሩ አስተምረዋል። ለሦስተኛው፣ በ2003 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የድንገተኛ ሕክምና ስፔሻላይዜሽን ትምህርት በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ተጀምሮ ባለሙያዎችን አፍርቷል። በመካከል ያለው ሁለተኛው መዘግየት ግን፣ ማለትም ከአደጋው ስፍራ እስከ ሆስፒታሉ በር ያለው መንገድ፣ «አምቡላንስ» በሚል አንድ ቃል ተጠቅልሎ የተቀመጠ ይመስላል። በስብሰባዎቻችን የቅድመ ሆስፒታል አገልግሎት ጉዳይ ሲነሣ አምቡላንሶች ይቆጠራሉ፤ አነሱ ይባላል፤ ይጨመሩ ተብሎ ይወሰናል፤ ውይይቱም በዚያው ይዘጋል።

ይህ ጽሑፍ የሚነቅፈው አንድን መሥሪያ ቤት ወይም አንድን ሰነድ አይደለም። የሚነቅፈው እኛ ሐኪሞች ከከተማ ዕቅድ አውጪዎች ጋር የምንጋራውን አንድ አስተሳሰብ ነው፤ እርሱም የሕዝብ መጓጓዣ በድንገተኛ ጊዜ የሚታገድ፣ የሚገደብ ወይም ዞር እንዲል የሚታዘዝ ነገር እንጂ ራሱ የድንገተኛ አገልግሎት አካል አይደለም የሚለው ነው። ሂሱ በአየር ላይ እንዳይንሳፈፍ አንድ ቦታ መርጠን እንመልከት።

ሳሪስ አቦ በደብረ ዘይት መንገድ ላይ ይገኛል። ከመስቀል አደባባይ ወደ ደቡብ ሲወርዱ ላንቻንና ንፋስ ስልክን፣ ከዚያም ሳሪስ ገበያን አልፈው የሚደርሱበት፣ ስሙንም ከአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ቤተ ክርስቲያን ያገኘ ሰፈር ነው። ከእርሱ በስተ ደቡብ ቃሊቲና አቃቂ ከነፋብሪካዎቻቸውና ከነመጋዘኖቻቸው ተዘርግተዋል። የአዲስ አበባ-አዳማ የፍጥነት መንገድ በ2006 ዓ.ም. ተጠናቆ አገልግሎት ከመጀመሩ በፊት ወደ ምሥራቅና ወደ ጅቡቲ የሚወጣውና የሚገባው ከባድ መኪና በዋነኛነት በዚህ መንገድ ያልፍ ነበር፤ ዛሬም ቢሆን የጭነት መኪናው፣ የአውቶቡሱ፣ የታክሲውና የእግረኛው ግፊያ አልቀረም። ስለዚህ ቦታው የመኪና አደጋ፣ የፋብሪካ ጉዳትና የአካባቢው እናቶች ምጥ በአንድ ጎዳና የሚገናኙበት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በዚያ ላይ ሕመምተኛ የያዘ ሰው በሳሪስ አቦ ሁለት ምርጫ ይገጥመዋል። ወደ ደቡብ ቢሄድ በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ የሚገኘውን፣ አትሌት ጥሩነሽ ዲባባ በ2000 ዓ.ም. በቤጂንግ ኦሊምፒክ ላስመዘገበችው ድርብ ድል መታሰቢያ የተሰየመውን ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታልን ያገኛል፤ ወደ ሰሜን ቢሄድ ደግሞ ከተማውን አቋርጦ ጥቁር አንበሳ ይደርሳል። የትኛው በሽተኛ ወደ የትኛው አቅጣጫ መሄድ እንዳለበት የሚወስነው ማን ነው? መልሱን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ የታክሲው ሾፌር ነው።

እንበልና ከቀትር በኋላ አንድ የቀን ሠራተኛ ከሳሪስ አቦ ዝቅ ብሎ በመኪና ተገጨ። በአካባቢው ያለው ሰው ስልኩን ያወጣል። 907 ብሎ ቀይ መስቀልን ይጥራ ወይስ 939 ብሎ እሳትና አደጋን? ወይስ 991 ብሎ ፖሊስን? አንዱ ይህን፣ ሌላው ያንን ይላል። ቁጥሮቹን የሚያውቅ ሰው ቢገኝ እንኳ አምቡላንሱ ከየት እንደሚነሣና መቼ እንደሚደርስ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ የሚሆነው ሁልጊዜ የሚሆነው ነው፤ አንድ ሰው ወደ መንገዱ ገብቶ እጁን ያነሣል፣ ሰማያዊና ነጭ ሚኒባስ ይቆማል፣ ተሳፋሪው ይወርዳል ወይም ይጠጋጋል፣ ቁስለኛው ከኋላ ወንበር ላይ ታጥፎ ይጫናል። በአዲስ አበባ ሆስፒታሎች የድንገተኛ ክፍሎች የተደረጉ ጥናቶች ደጋግመው ያሳዩን ይህንኑ ነው፤ ከተጎዱት ሰዎች ውስጥ በአምቡላንስ የሚመጣው ጥቂቱ ሲሆን ታክሲ ከሁሉ የበለጠውን ድርሻ ይይዛል። ይህ ውጤት በየጥናቱ «የቅድመ ሆስፒታል አገልግሎታችን ደካማ መሆኑን ያመለክታል» ከሚል ዓረፍተ ነገር ጋር ተመዝግቦ ይታለፋል። እውነት ነው፣ ያመለክታል። ነገር ግን ሌላም ነገር ያመለክታል፤ ያልተቀጠረ፣ ያልሠለጠነና ያልተመሰገነ የአምቡላንስ ሠራዊት በከተማው ውስጥ ሌት ተቀን እንደሚሠራ ይናገራል። ይህን ሁለተኛውን ንባብ ያነበበ ዕቅድ አውጪ ብዙ አላጋጠመንም።

ይህን ማለት የአምቡላንስን ጥረት ማቃለል አይደለም። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ከተመሠረተበት ከ1927 ዓ.ም. ጀምሮ የቁስለኛን መጓጓዝ ሥራው አድርጎ ኖሯል። ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር በ2000ዎቹ ለየወረዳው አምቡላንስ ለማዳረስ ያደረገው ዘመቻ በተለይ ለገጠር እናቶች ትልቅ እርምጃ ነበር። በግሉም ዘርፍ የማደንዘዣ ባለሙያው ክብረት አበበ ቤታቸውን ሸጠው በ2000 ዓ.ም. ጠብታ አምቡላንስን ማቋቋማቸው የሚታወስ ነው። ይሁንና የሚሊዮኖች ከተማ የሆነችው አዲስ አበባ ለእያንዳንዱ ቁስለኛ አምቡላንስ የምታቀርብበት ቀን በቅርብ የሚታይ አይደለም፤ እስከዚያ ድረስ በሳሪስ አቦ የሚወድቀው ሰው እየጠበቀ ሊቆይ አይችልም።

ታክሲ በዕቅዶቻችን ውስጥ ጭራሽ አልተጠቀሰም ማለት ግን ስሕተት ይሆናል። ተጠቅሷል፤ የተጠቀሰው ግን እንደ ችግር ነው። መንገድ ያጨናንቃል፣ ያለ ፌርማታው ይቆማል፣ ትርፍ ይጭናል፣ ሕግ አያከብርም። ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ የተዘረጋው ታፔላ የተባለው የስምሪት ሥርዓት እያንዳንዱ ታክሲ በተመደበለት መስመር ብቻ እንዲሠራ አስገድዷል፤ ተሳፋሪው አጭር መንገድ እየተቆራረጠ እንዳይበዘበዝ በማሰብ የመጣ በመሆኑ ዓላማው ሊነቀፍ አይገባም። ይሁን እንጂ ከሳሪስ አቦ ወደ ስታዲየም የተመደበ ሾፌር ቁስለኛ ይዞ ወደ ቃሊቲ ቢታጠፍ ከመስመር ውጭ ሆኗል፤ ከመስመር መውጣት ደግሞ ያስቀጣል። ትራፊክ ፖሊሱ ደም አይቶ ያሳልፈዋል እንላለን። ምናልባት ያሳልፈው ይሆናል፤ ነገር ግን በፖሊሱ ርኅራኄ ላይ የተመሠረተ አሠራር ዕቅድ አይባልም። ለዚህ የሚሆን ነጻነት በአንድ ደንብ ወይም መመሪያ ውስጥ ተጽፎ ቢገኝ እንኳ ሾፌሩ ካላወቀው እንዳልተጻፈ ይቆጠራል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ለራሱ ሳያሰጋው ሊረዳው የሚችለውን፣ ሕይወቱ በከባድ አደጋ ላይ የወደቀን ሰው ሆን ብሎ ጥሎ የሚሄድን ሰው ይቀጣል። ሕጉ እርዳ ይላል፤ በመንገድ ላይ ያለው ልማዳዊ ጥበብ ደግሞ «አትንካ፣ አንተ ገጭተህ ነው ትባላለህ» ይላል። ከእነዚህ ከሁለቱ የትኛው በሾፌሩ ጆሮ ይበልጥ እንደሚሰማ ለማወቅ ጥናት አያስፈልግም።

አሁን ወደ መንገዱ ራሱ እንመለስ። የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር የሰሜን-ደቡብ መስመር መስከረም 2008 ዓ.ም. ከምኒልክ አደባባይ እስከ ቃሊቲ አገልግሎት ሲጀምር ለደቡቡ የከተማው ክፍል ትልቅ ተስፋ ነበር። መስመሩ ወደ 17 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ሲሆን በእኛ አካባቢ ሳሪስና አቦ መገንጠያ የሚባሉ ፌርማታዎች አሉት። ባቡሩ በርካሽ ዋጋ ብዙ ሰው ማመላለሱን የሚክድ የለም። የዚህ ሂስ ጉዳይ ከባቡሩ ይልቅ አጥሩ ነው። መሐል ከተማው ላይ በድልድይ የተሸከሙት ሐዲድ በዚህ አካባቢ በመሬት ላይ፣ በደብረ ዘይት መንገድ መካከል ስለሚሄድ፣ ግራና ቀኙ ታጥሮ ሰፊውን ጎዳና ለሁለት ከፍሎታል። ቀድሞ በየቦታው የነበሩት መታጠፊያዎች ተዘግተው ተሽከርካሪ ወደ ተቃራኒው አቅጣጫ ለመዞር ራቅ ወዳለ መዞሪያ መሄድ ግድ ሆኖበታል። እግረኛውም መሻገሪያው እስኪመጣ ድረስ ይሄዳል፤ አንዳንዱም አጥር ይዘላል፤ በዚህም ራሱ ሌላ ቁስለኛ ይሆናል።

ለመሐንዲሱ ይህ የትራፊክ ፍሰት ጥያቄ ነው። ለሐኪሙ ግን ጥያቄው ሌላ ነው። ደም እየፈሰሰው ያለ ሰው በመንገዱ ምሥራቃዊ ጎን ወድቆ፣ ሊወስደው የፈቀደው ታክሲ በምዕራባዊው ጎን ቆሞ፣ በመካከላቸው አጥር ቢኖር ምን ይደረጋል? አምቡላንስስ ከቃሊቲ አቅጣጫ መጥቶ ቁስለኛውን በዓይኑ እያየ ካለፈ በኋላ ዞሮ ለመመለስ ስንት ደቂቃ ይፈጅበታል? እነዚህ ጥያቄዎች አጥሩ ከመተከሉ በፊት በሕክምና ባለሙያ አንደበት መነሣት ይገባቸው ነበር። በየተወሰነ ርቀት ተቆልፎ የሚቀመጥ፣ በአደጋ ጊዜ የሚከፈት የአጥር በር ማዘጋጀት ውድ ሥራ አይደለም፤ ቁልፉ በማን እጅ ይሁን የሚለው ግን የዕቅድ ሥራ ነው። ደግሞም ባቡሩ በኤሌክትሪክ የሚሄድ ነው፤ መብራት ሲጠፋ ይቆማል። በመለዋወጫ እጥረት ምክንያት ሥራ ሲጀምር ከነበሩት 41 ባቡሮች ከግማሽ በላይ የሆኑት ከአገልግሎት የወጡበት ጊዜም ታይቷል። ባቡሩ ሲቆም ተሳፋሪው በሙሉ ወደ ታክሲው ይወርዳል፤ አጥሩ ግን ባለበት ይቆያል። በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተጀመረው የኮሪደር ልማት መንገዶችን እንደገና እያፈረሰ በሚሠራበት በዚህ ዘመን፣ የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ በተነቀለ ቁጥር ይህን ጥያቄ እንደገና የመጠየቅ ዕድል አለ። የሕክምና ማኅበራት በእንዲህ ያለው ውይይት ላይ ወንበራቸውን ለማግኘት እስኪጋበዙ መጠበቃቸው የሚያስወቅሳቸው ነው።

የኮቪድ-19 ወረርሽኝ ደግሞ ይህን አስተሳሰባችንን በሙሉ ብርሃን አሳይቶናል። በአገራችን የመጀመሪያው ታማሚ መገኘቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር። ማግስቱ መጋቢት 5 ነው፤ መጋቢት 5 ደግሞ የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ዓመታዊ በዓል ነው። ትምህርት ቤቶች የተዘጉትና ሕዝባዊ ስብሰባ የታገደው መጋቢት 7 ቀን ሲሆን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ የታወጀው መጋቢት 30 ቀን ነው። በሽታው በአገር ውስጥ መኖሩ በታወቀበትና የመጀመሪያው ገደብ በወጣበት ቀን መካከል የዓመቱ ትልቁ የሳሪስ አቦ ጉባኤ ይውል ነበር ማለት ነው። ቀን መቁጠሪያውን የሚያውቅ ዕቅድ ቢኖር ኖሮ በዚያች ሌሊት ቢያንስ ከየት ስንት ታክሲና አውቶቡስ ወደ አቦ እንደሚመጣ፣ መውረጃውም የት እንደሚሆን ለማሰብ ጊዜ ባልጠፋ ነበር።

ከአዋጁ በኋላ የሕዝብ መጓጓዣ ከመጫን አቅሙ በግማሽ ብቻ እንዲጭን ተወሰነ፤ በአዲስ አበባም ታክሲው የሚያጣውን ለማካካስ ታሪፉ በእጥፍ ተጨመረ። በኤፒዲሚዮሎጂ ዓይን ውሳኔው ስሕተት አልነበረም። ጉድለቱ እይታው በታክሲው በር ላይ መቆሙ ነው። የመጓጓዣው ቁጥር ሳይጨምር ጭነቱ በግማሽ ሲቀነስ የቀረው ግማሽ ሕዝብ የትም አልሄደም፤ ፌርማታው ላይ ተሰለፈ። በመኪናው ውስጥ የተጠበቀው ርቀት በሰልፉ ላይ ጠፋ። ከዚህም በላይ በሳምንት ሁለትና ሦስት ጊዜ ኩላሊቱን ለማሳጠብ የሚመላለሰው፣ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒቱን ከጤና ጣቢያ የሚወስደው፣ የእርግዝና ክትትሏን የምታደርገው፣ ሁሉም ያው አንድ ታክሲ ነበር መሄጃቸው። እጥፍ ታሪፍ ለእነርሱ የሕክምና ወጪ መጨመር ነበር። ለእነዚህ ሰዎች የሆስፒታል ካርዳቸውን አሳይተው ቅድሚያ የሚሳፈሩበት ወይም የተለየ አውቶቡስ የሚያገኙበት ሥርዓት ከገደቡ ጋር አብሮ መታወጅ ነበረበት። ገደቡን ያረቀቁት ባለሙያዎች መካከል የእኛ የሙያ ወንድሞችና እህቶች እንደነበሩበት መርሳት የለብንም፤ ስለዚህ ይህ ወቀሳ ወደ ራሳችንም ይመለሳል።

የተቃራኒውን ሁኔታም ማየት ተገቢ ነው። የካቲት 21 ቀን 2008 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች አዲሱን የትራፊክ ደንብ በመቃወም ሥራ ሲያቆሙ ከተማዋ በአንድ ጠዋት እግረኛ ሆነች። ስለዚያ ቀን የተጻፈው ሁሉ ስለ ደንቡና ስለ ሥራ ፈላጊው፣ ስለ ተማሪውና ስለ ሠራተኛው ነው። ከተጎዱ ሰዎች አብዛኛው በታክሲ የሚመጣ መሆኑን ከተቀበልን ግን ታክሲ በቆመበት ቀን አብዛኛው «አምቡላንስ» ቆመ ማለት ነው። እንዲህ ባለው ቀን በሳሪስ አቦ የሚወድቅን ሰው ማን ያነሣዋል? ሕዝቡ አንበሳና ሸገር እያለ የሚጠራቸው የከተማ አውቶቡሶች ወንበራቸው ተነሥቶ ቃሬዛ የሚያስገባ ጥቂት ተሽከርካሪ በየዴፖው ቢኖራቸው፣ ሾፌሩም አስቀድሞ ቢታወቅ፣ መልስ ይሆን ነበር።

አስቀድሞ የሚለው ቃል እዚህ ላይ ዋና ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ሁለት ከተሞች በጥቂት ሳምንታት ልዩነት ይህንኑ በተቃራኒ መንገድ አሳይተውናል። በለንደን ሐምሌ (ጁላይ) 7 ቀን በባቡሮችና በአንድ አውቶቡስ ላይ በደረሰው የቦምብ ጥቃት 52 ሰዎች ሲገደሉ የቆሰሉት ከ700 በላይ ነበሩ። አምቡላንሱ ሁሉ ለከባድ ቁስለኞች ሲሰማራ መራመድ የሚችሉት ቁስለኞች በቀዩ የከተማ አውቶቡስ ተጭነው ወደ ሆስፒታል ተወሰዱ። በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ካትሪና የተባለው ማዕበል ኒው ኦርሊንስን ሲመታ ደግሞ መኪና የሌላቸው ከመቶ ሺህ በላይ ነዋሪዎች በከተማዋ ነበሩ። አውቶቡስ አልጠፋም፤ የተማሪ አውቶቡሶች በሰልፍ እንደቆሙ ጎርፍ ሲውጣቸው ዓለም በፎቶግራፍ አይቷል። የጠፋው የሚነዳቸው ሰውና ነዱ የሚል ትእዛዝ ነው። ሁለተኛዋ ከተማ ከእኛ እጅግ የበለጸገች መሆኗን ልብ ይሏል፤ ስለዚህ ነገሩ የሀብት ብቻ አይደለም።

ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው ምሳሌ ግን የጋና ነው። ቻርልስ ሞክና የሥራ ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት መደበኛ የአምቡላንስ አገልግሎት በሌለበት አካባቢ 335 የንግድ ተሽከርካሪ ነጂዎችን በስድስት ሰዓት ትምህርት የመጀመሪያ እርዳታ አሠልጥነዋል። ከአንድ ዓመት ላነሰ ጊዜ ቆይተው ካነጋገሯቸው 71 ነጂዎች መካከል 61 በመቶው ከሥልጠናው ወዲህ ለተጎዳ ሰው እርዳታ መስጠታቸውን ተናግረዋል። ደም ማቆም፣ የመተንፈሻ ቧንቧን መጠበቅ፣ ስብራትን መደገፍ፤ ሌላ ብዙ ነገር አልነበረም። ስድስት ሰዓት የአንድ ታክሲ የግማሽ ቀን ገቢ ነው። በሳሪስ አቦ ተራ የሚጠብቁትን ሾፌሮች ለማሠልጠን የሚያስፈልገው በጀት ከአንድ አምቡላንስ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር የሚያሳፍር ያህል ትንሽ ነው።

አንዳንድ ባልደረቦቻችን በዚህ አሳብ ላይ የሚያነሡት ተቃውሞ አለ፤ ቀላል ተቃውሞም አይደለም። አንገቱ የተሰበረን ሰው በሚኒባስ የኋላ ወንበር አጥፎ መጫን ሽባ ሊያደርገው ይችላል፤ ታክሲን ማሠልጠን ይህን መጥፎ ልማድ ሕጋዊ ማድረግ ነው ይላሉ። በድንገተኛ ክፍል የሠራ ሰው ሁሉ ይህን ፍርሃት ይረዳዋል። ይሁን እንጂ ምርጫችን በጥሩ አምቡላንስና በመጥፎ ታክሲ መካከል ቢሆን ኖሮ ክርክሩ ባላስፈለገ ነበር። ምርጫው በሠለጠነና ባልሠለጠነ ታክሲ መካከል ነው፤ ታክሲው ሁለቱንም ጊዜ ይመጣልና። በአሜሪካዋ ፊላደልፊያ ፖሊሶች በጥይትና በስለት የተወጉ ሰዎችን በፖሊስ መኪና በቀጥታ ወደ ሆስፒታል የማድረስ የቆየ ልማድ አላቸው። ስለዚህ የተደረገ ጥናት የጉዳቱ ክብደት ከግምት ሲገባ በጠቅላላው የሞት መጠን በአምቡላንስ ከሚመጡት ያን ያህል የተለየ አለመሆኑን አሳይቷል። ይህ በእርግጥ ስለ ተወጋ ሰው የተነገረ እንጂ ስለ አከርካሪ ጉዳት አይደለም፤ ሾፌሩን ማስተማር ያለብንም ይህንኑ ልዩነት ነው። ደም የሚፈስሰውን ተጭነህ ፍጠን፤ ከመኪና ተወርውሮ የወደቀውን ግን አንገቱን ሳታጥፍ በሰሌዳ ላይ አንሣ፣ አትቸኩል።

ወደ ሳሪስ አቦ ስንመለስ ማሠልጠን ያለብን ሾፌሩን ብቻ አይመስለንም። በፌርማታው ከሁሉ ቀድሞ የሚገኝና ከሁሉ ዘግይቶ የሚሄድ አንድ ሰው አለ፤ ተራ አስከባሪው። የትኛው ታክሲ እንደሚወጣ፣ የትኛው ነዳጅ እንዳለው፣ የትኛው ሾፌር እንደማይሰክር፣ የትኛው መንገድ በዚህ ሰዓት እንደተዘጋ የሚያውቅ እርሱ ነው። ከማዕከል የሚመጣ የስልክ ጥሪ ቢደርሰው በአንድ ደቂቃ ውስጥ መኪና የሚያስነሣ ሰው ከእርሱ ሌላ አይገኝም። ባለሙያዎቻችን የጥሪ ማዕከል ሲያስቡ ኮምፒዩተር ያስባሉ፤ ማሰባቸው ደግ ነው፤ ነገር ግን ተራ አስከባሪው ከኮምፒዩተሩ በፊት ነበረ። ምሽት ሲሆን ታክሲው ይሳሳል፤ ያን ጊዜ በስልክ የሚጠራው የሜትር ታክሲና የሰፈሩ ባጃጅ ይቀራሉ፤ የሌሊቱ ጉዳይ ለብቻው ሊታሰብበት የሚገባ ነው።

እንዲህ ያለውን ዝግጅት ለመፈተን ደግሞ አደጋ መጠበቅ አያስፈልግም። የአቦ በዓል በየወሩ በ5ኛው ቀን ይታሰባል፤ ጥቅምት 5 እና መጋቢት 5 ደግሞ ዓመታዊ ናቸው። ሕዝቡ እንደሚመጣ ይታወቃል፣ መንገዱ እንደሚጨናነቅ ይታወቃል፣ ሰንበት ተማሪዎች ሥርዓት ለማስከበር እንደሚቆሙ ይታወቃል። በዚያ ሕዝብ መካከል አንድ አዛውንት ተዝለፍልፈው ቢወድቁ በየትኛው መውጫ ወጥተው፣ በየትኛው ታክሲ ተጭነው፣ ወደ ደቡብ ወይስ ወደ ሰሜን እንደሚሄዱ፣ የሚቀበላቸው ሆስፒታልም አስቀድሞ ተነግሮት እንደሆነ መለማመድ ይቻላል። ቀኑን የሚነግረን ቀን መቁጠሪያ እያለ ለልምምድ አመቺ ጊዜ አጣን ማለት አንችልም።

የቀረው የገንዘብና የደም ነገር ነው። በ2005 ዓ.ም. የወጣው የሦስተኛ ወገን የተሽከርካሪ መድን አዋጅ ቁጥር 799 በመኪና አደጋ የተጎዳ ሰው እስከ 2,000 ብር የሚደርስ አስቸኳይ ሕክምና እንዲያገኝ ደንግጓል። ገንዘቡ በዛሬው ዋጋ ትንሽ ቢሆንም አሳቡ ትልቅ ነው፤ የሕክምናው ሂሳብ ለቁስለኛው መዳን እንቅፋት እንዳይሆን። ቁስለኛውን ያመጣው ሾፌር ግን በዚያች ሰዓት ሁለትና ሦስት ቢያጆ አምልጦታል። ማታ ለባለ መኪናው የሚያስረክበው የቀን ገቢ አልተቀነሰለትም። ወንበሩ በደም ርሷል፤ ማጠቢያውን ከኪሱ ይከፍላል። አንዳንድ ጊዜም በሆስፒታሉ በር ላይ ቃል ስጥ ተብሎ ይቆማል። ረዳቱ ደግሞ ቁስለኛውን በባዶ እጁ ደግፎ ያመጣ ነው፤ በጣቱ ላይ ቁስል እንዳለና እንደሌለ የጠየቀው የለም። እኛ ጓንት አድርገን ቁስለኛውን ስንቀበል ሁለቱ ሰዎች በበሩ በኩል ተመልሰው ይወጣሉ፤ እጃቸውን የሚታጠቡበት ውኃና ሳሙና ማሳየት፣ ለኤች.አይ.ቪ. ተጋላጭነት በ72 ሰዓት ውስጥ የሚጀመር መከላከያ መድኃኒት እንዳለ መንገር፣ ስለ ሄፓታይተስ ቢ ክትባት ማንሣት፣ ስማቸውንም በመዝገብ ላይ መጻፍ የእኛው የድንገተኛ ክፍል ሥራ ነው፤ ለዚህ ደግሞ ከማንም ፈቃድ መጠየቅ አያስፈልገንም።